ያውቁ ኖሯል? የስዋሂሊ ዳርቻ የድንጋይ ከተሞችና የመንደሩ አስጎብኚዎች

ከደቡብ ሶማሊያ ተነሥቶ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል እስከ ሰሜን ሞዛምቢክ የሚዘልቀው የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጥንት ሰፈሮች ፍርስራሽ አለበት። ከእኛ ሰው ሞምባሳንና ዛንዚባርን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ከሁለቱ አልፎ የሄደውም ጥቂት ነው። ባሕሩ መቼ እንደሚሞላ የሚያውቅ፣ የትኛው መቃብር የማን እንደሆነ ከአያቱ የሰማ የመንደር አስጎብኚ ይዞ ለሚሄድ ግን ዳርቻው ብዙ የሚያጫውተው አለ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰዓቱ፣ ነፋሱና ባሕሩ

• ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ባለ ጀልባው «ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት» ካለ ሌላው ቱሪስት ግራ ይጋባል፤ እርስዎ ግን በጊዜዎ ይገኛሉ። የአውሮፕላን ትኬትና የሆቴል ወረቀት ላይ ያለው ግን የፈረንጁ ሰዓት ነው።

• በዚህ ዳርቻ የጉዞ ፕሮግራም የሚያወጣው ባሕሩ ነው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ባለፈው ሳምንት ጀልባ የቆመበት ቦታ በዚህ ሳምንት፣ በዚያው ሰዓት፣ ጭቃ ሆኖ ሊጠብቅዎ ይችላል።

• የጥንቱን ንግድ ያንቀሳቀሱት ሁለት ነፋሳት ናቸው። ካስካዚ የሚባለው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ኩሲ የሚባለው ደግሞ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ገደማ ከደቡብ ይመጣል። ከዐረብና ከሕንድ የተነሡ መርከቦች በካስካዚ መጥተው በኩሲ ይመለሱ ነበር። ነፋሱ እስኪዞር መጠበቅ ግድ ስለነበር ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ እዚያው አግብተው ወልደዋል።

• ዳርቻው ላይ ዝናቡ የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት ነው። በነዚህ ወራት ባሕሩ ይናወጣል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። ከትንንሾቹ ማረፊያዎችም አንዳንዶቹ ይዘጋሉ።

• ዕቃዎን በፌስታል ቋጥረው ወደ ኬንያ መግባት እንደማይችሉስ? ኬንያ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች። ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። ታንዛኒያም በ2019 ተከትላለች። በርበሬና ሽሮ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ የጨርቅ ከረጢት ያዘጋጁ።

• የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከፓስፖርትዎ ጋር አብሮ ይያዝ። ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ድንበር ላይ ይጠየቃል።

ከባሕር የወጣ ድንጋይ

• የነዚህ ከተሞች ግድግዳ አንድ ጊዜ በሕይወት የነበረ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ለሚህራብ (የመስጊድ ውስጥ የጸሎት አቅጣጫ ማሳያ)፣ ለበር መቃንና ለጌጥ የሚሆነውን ድንጋይ ሰዎች ከባሕር ውስጥ ቆርጠው የሚያወጡት ሕይወት ካለው ኮራል ነበር። እርጥብ እያለ በቢላ ይቀረጻል፤ ሲደርቅ ይጠነክራል። አስጎብኚው ፊትዎን ወደ በሩ መቃን አስጠግቶ እንዲያዩ ሲያደርግ ድንጋዩ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ የደቀቁ፣ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ነጥቦች ተደርድረው ይታያሉ። እያንዳንዷ ነጥብ የአንዲት የኮራል እንስሳ መኖሪያ ነበረች።

• ሻካራው የግድግዳ ድንጋይ ደግሞ ከየብስ ይቆፈራል፤ እሱም ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የባሕር ወለል የነበረ ኮራል ነው። የሚያያይዘው ኖራም ቢሆን ኮራል በእንጨት ተቃጥሎ የተገኘ ነው። ድንጋዩም ማጣበቂያውም ልስኑም ከአንድ ባሕር ናቸው።

• የክፍሎቹ ወርድ ከ3 ሜትር ብዙም እንደማያልፍ ልብ ይሏል። ለጣሪያ የሚሆነው ወራጅ የማንግሮቭ እንጨት ስለነበር ክፍሉን የሚያጠበው የእንጨቱ ርዝመት ነው። ክፍሎቹ ረዣዥምና ጠባብ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

• ምቴፔ የተባለው የጥንቱ የስዋሂሊ መርከብ ያለ ሚስማር የተሠራ ነበር። ሳንቃዎቹ በኮኮናት ገመድ እርስ በርስ ይሰፋሉ። ይህ ጥበብ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በኬንያ ላሙ ደሴቶች ቆይቷል።

• ዛሬ አሣ አጥማጆች የሚጠቀሙባት ንጋላዋ በግራና በቀኝ መደገፊያ እንጨት ያላት ቀጭን ጀልባ ናት። አሠራሯ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ እንደሆነ ይታመናል።

• ሀብታም ሲሞት መቃብሩ ላይ ረጅም የድንጋይ ዓምድ ይቆምለት፣ በዓምዱም ላይ የቻይና ሳሕን ይለጠፍለት ነበር። ዛሬ ሳሕኖቹ በአብዛኛው ተነቅለው ተወስደዋል፤ ልስኑ ላይ የቀረው ክብ ጉድጓድ ነው። በታንዛኒያ ካኦሌና ኩንዱቺ፣ በኬንያም ማምብሩዪ እንዲህ ያሉ መቃብሮች አሉ።

• በ2023 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ከዳርቻው የጥንት መቃብሮች የተገኘ የ80 ሰዎች ዘረ መል መርምሮ ነበር። ከዘራቸው የሚበዛው አፍሪካዊ፣ በዋናነትም በእናቶች በኩል የመጣ ነው። ከ1000 ዓመተ ምሕረት ገደማ ጀምሮ ደግሞ የፋርስ አባቶች ገብተውበታል። «አባቶቻችን ከሺራዝ (ከፋርስ) መጡ» የሚለው የሽማግሌዎች ትረካ ባዶ እንዳልነበረ፣ ከተሞቹንም መጤ ብቻውን እንዳልሠራቸው በአንድ ጊዜ ታወቀ።

ጌዲ፦ ጫካ የዋጣት ከተማ

• ፖርቱጋሎች አጠገቧ ባለችው የኬንያዋ ማሊንዲ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ሲኖሩ ስለ ጌዲ አንድም ቃል አልጻፉም። ከተማዋ ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብላ፣ በዛፍ ተከባ የቆመች ናት።

• ጌዲ በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ቁፋሮውን ከ1948 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት የመራው ጄምስ ከርክማን የተባለው እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት ነው።

• ቤቶቹ የሚጠሩት በውስጣቸው በተገኘው ዕቃ ነው፤ የመቀሱ ቤት፣ የብረት ፋኖሱ ቤት፣ የዝሆን ጥርስ ሣጥኑ ቤት፣ የቻይና ሳንቲሙ ቤት፣ የቬኒስ ጨሌው ቤት። በእግር ቶሎ ተዞሮ በሚያልቅ ሠፈር ውስጥ የቻይና፣ የሕንድና የአውሮፓ ዕቃ ጎን ለጎን ወጥቷል።

• በጌዲ ቤቶች መጸዳጃና መታጠቢያ ክፍል ከነማፍሰሻው ነበር። አስጎብኚዎቹ ይህን ሲያሳዩ ድምፃቸው ከፍ ይላል። የዚያን ዘመን አብዛኛው የአውሮፓ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልነበረው ጎብኚው ሳይጠይቃቸው ይነግሩታል።

• አንድ መቃብር ላይ 802 ዓመተ ሂጅራ የሚል ጽሑፍ አለ፤ በፈረንጆች 1399 ማለት ነው። የሌሎቹን ሕንፃዎች ዕድሜ ለመገመት እንደ መነሻ ያገለገለው ይህ መቃብር ነው።

• ሕዝቡ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ከተማዋን ለቅቋል። ለምን? የጉድጓድ ውሃ መራቅ፣ የጦርነት ስጋት፣ ከሰሜን የመጡ የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ግፊት፣ የባሕር ንግድ መዳከም ይጠቀሳሉ። ጉድጓዶቹን ሲያዩ የመጀመሪያው ምክንያት አሳማኝ ይሆናል፤ ውሃው ሲሸሽ ጠልቀው የተቆፈሩ አሉና።

• ፍርስራሹ ጎን ኪፔፔዮ የተባለ የቢራቢሮ እርባታ አለ። ከ1993 ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች ከጫካው ዳር የቢራቢሮ ኩብኩባ እያሳደጉ ውጭ አገር ላሉ የቢራቢሮ ማሳያ ቤቶች ይሸጣሉ። ጫካው ካልተቆረጠ ገቢው አይቋረጥም፤ ገበሬው የጫካው ዘበኛ የሆነው ለዚህ ነው።

• ጫካው አራቡኮ ሶኮኬ ይባላል፤ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ከተረፉት ደኖች ትልቁ እሱ ነው። ወርቃማ መቀመጫ ያላት፣ አፍንጫዋ እንደ ትንሽ ኩምቢ የረዘመ አይጥ መሰል እንስሳ ትኖርበታለች። እሷን የሚያይ ዝም ብሎ የሚሄድ ነው፤ አስጎብኚው ጣቱን አፉ ላይ ካደረገ ይታዘዙት።

ኪልዋ፦ ሳንቲሟ አውስትራሊያ የደረሰ ደሴት

• ኪልዋ ኪሲዋኒ ከዳሬ ሰላም በስተደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ደሴት ናት። ከጎረቤቷ ሶንጎ ምናራ ጋር በ1981 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከ2004 እስከ 2014 አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ቆይታ፣ ጥገናው ሲሻሻል ወጥታለች።

• ደሴቷን ያለ አስጎብኚ መጎብኘት አይሄድም። ማዶ፣ ኪልዋ ማሶኮ ከተማ ካለው የቅርስ ቢሮ ፈቃድ ይገዛል፤ ከዚያ አስጎብኚና ጀልባ ይያዛል። ደሴቷ ላይ ዛሬም ሰው ይኖራል፣ ልጆችም በሱልጣኖቹ ግንብ አጠገብ ኳስ ይጫወታሉ።

• ኪልዋ በጨርቅ የተገዛች ናት ቢባሉ ያምናሉ? በጥንታዊው የኪልዋ ዜና መዋዕል እንደተጻፈው፣ ከሺራዝ የመጣው መስፍን ደሴቷን የገዛው ዙሪያዋን በሚሸፍን ጨርቅ ነው። ያን ጊዜ ባሕሩ ሲጎድል ከየብስ በእግር ይገባባት ነበር። ሻጩ ንጉሥ ተመልሶ ሊወስዳት አስቦ ነበር። ገዢው ቀድሞ መሻገሪያውን ቆፍሮ አጠለቀው፤ ንጉሡም ማዶ ቆሞ ቀረ። አስጎብኚዎች ይህን ጀልባው ላይ ሳሉ ነው የሚያወሩት፤ መሻገሪያው ያለው እዚያው ነዋ።

• ታላቁ መስጊድ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ተጀምሮ በ14ኛው መጀመሪያ ተስፋፋ። ጉልላቶቹና ቅስት ጣሪያው ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠሩ ናቸው።

• ሁሱኒ ኩብዋ የተባለው ቤተ መንግሥት ከ100 በላይ ክፍሎችና ስምንት ማዕዘን ያለው የመዋኛ ገንዳ ነበረው። ያሠራው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ሱልጣን አል ሐሰን ኢብን ሱለይማን ነው። ቤተ መንግሥቱ ሳያልቅ ቀርቷል።

• ይህንኑ ሱልጣን በ1331 ያገኘው ዝነኛው የሞሮኮ ተጓዥ ኢብን ባቱታ ነው። «የስጦታዎች አባት» የሚባልበትን ምክንያትም ጽፏል። አንድ የየመን ድኻ ሱልጣኑ ከመስጊድ ሲወጣ አስቆመውና የለበሰውን ልብስ ለመነው። ሱልጣኑ ተመልሶ ገብቶ ልብሱን ቀይሮ አወለቀለት።

• የኪልዋ ሀብት ወርቅ ነበር። ወርቁ ከዛሬዋ ዚምባብዌ ተነሥቶ በሶፋላ ወደብ በኩል ይመጣል፤ ኪልዋ ቀረጡን ትቀበላለች። የዚሁ ሱልጣን አንድ የመዳብ ሳንቲም በታላቋ ዚምባብዌ ፍርስራሽ ውስጥ ተገኝቷል።

• ከዚህም የሚገርመው፦ በ1944 አንድ የአውስትራሊያ ወታደር በሰሜናዊ አውስትራሊያ ደሴት አሸዋ ላይ ሳንቲሞች አገኘ፤ ከመካከላቸው አምስቱ የኪልዋ ነበሩ። ማን እንዳደረሳቸው እስካሁን ያከራክራል።

• በሐምሌ 1505 የፖርቱጋሉ ፍራንሲስኮ ደ አልሜይዳ ከተማዋን ወርሮ ዘርፏል። ምሽግም አሠራ። ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ፖርቱጋሎች ትተዋት ሄዱ። ዛሬ ባሕሩ ዳር የሚታየው ግንብ በአብዛኛው ኋላ የመጡት ዑማኖች ያሠሩት ነው።

• ሶንጎ ምናራ የሚሄድ ሰው ቁምጣና ውሃ የማያበላሸው ጫማ ያስፈልገዋል። ጀልባው ወደ ማንግሮቩ ተጠግቶ ይቆምና ቀሪው መንገድ ውሃ ውስጥ በእግር ነው። ከ30 በላይ ቤቶችና አምስት መስጊዶች ቆመው ይጠብቁዎታል፤ ሌላ ጎብኚ ላያገኙም ይችላሉ።

ላሙና ደሴቶቹ

• ላሙ ከ700 ዓመት በላይ ሰው ሳይለያት የኖረች፣ በ2001 የዓለም ቅርስ የሆነች ከተማ ናት። የጥንቱ ሠፈር መንገዶች ጠባብ ስለሆኑ ሲሚንቶውንም አሸዋውንም የሚያመላልሰው አህያ ነው። ከ1987 ጀምሮ ለአህዮች ነጻ ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል ተቋቁሞላቸዋል።

• ከየቤቱ በር ግራና ቀኝ ባራዛ የሚባል የድንጋይ መደብ አለ። እንግዳ የሚስተናገደውና ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። አስጎብኚዎ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ባራዛ ላይ ካስቀመጠዎ አይቸኩሉ፤ ዋናው ጉብኝት እሱ ነው።

• ምሽት ላይ ጎዳናው ዳር ከነሐስ ጀበና በትንሽ ስኒ የሚቀዳ ጥቁር ቡና ይሸጣል። ዝንጅብል አለበት፣ ስኳር የለበትም። አቦል ቶና የለም እንጂ ወጉ ለእኛ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

• ማዶ ማንዳ ደሴት ላይ ታክዋ የተባለች ከተማ ፍርስራሽ አለች። የሚደረስባት በማንግሮቭ መካከል በሚያልፍ ቀጭን የባሕር ሰርጥ ሲሆን የሚገባውም ውሃው ሲሞላ ብቻ ነው። ፎቶ ሲያነሡ የቆዩ ጎብኚዎች ጀልባቸው ጭቃ ላይ ተቀምጦ ቀጣዩን ሙላት መጠበቅ ይገደዳሉ።

• ታክዋ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ብትፈርስም ባለቤት አላት። ሕዝቧ ወደ ሼላ መንደር ተሻግሮ ነበር። የሼላ ሰዎች ዛሬም በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጡ ዓምድ ያለው መቃብር አጠገብ ስለ ዝናብ ይጸልያሉ።

• ፓቴ ደሴት ላይ በፈረሰው የሱልጣኖች ከተማ ግድግዳዎች መካከል ትንባሆ ይዘራል። ከላሙ የሚነሣው የሕዝብ ጀልባ መነሻ ሰዓትም በየቀኑ ይለያያል፤ የሚወስነው የባሕሩ ሙላት ነው።

• እዚያው ፓቴ ላይ በምትገኘው ሻንጋ በ1980ዎቹ በተካሄደ ቁፋሮ፣ ከድንጋይ መስጊዱ ሥር ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ መስጊድ ተገኘ። የመጨረሻው የእንጨት ምሰሶ ጉድጓዶች ብቻ የቀሩት፣ የ8ኛው ክፍለ ዘመን ትንሽ ጸሎት ቤት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ከታወቁት ቀዳሚው እሱ ነው።

• የላሙ ሰሜናዊ ክፍል ለሶማሊያ ድንበር ቅርብ ነው። ራቅ ወዳሉት ደሴቶች ከመውጣትዎ በፊት የሰሞኑን የጸጥታ ሁኔታ ከአስጎብኚዎና ከማረፊያዎ ይጠይቁ።

ብዙ ሰው የማይደርስባቸው

• ከታንጋ ከተማ በስተደቡብ ያለችው ቶንጎኒ ወደ 40 የሚሆኑ የጥንት መቃብሮች አሏት፤ በዳርቻው ይህን ያህል በአንድ ቦታ የተሰበሰበበት የለም። የቫስኮ ደ ጋማ መርከብ ሳኦ ራፋኤል አሸዋ ላይ የተቀመጠችውም እዚህ አጠገብ ነበር። በመልስ ጉዞ በ1499 የሚነዳት ሰው ስላነሰ እዚያው አቃጠሏት።

• በዚያው በታንጋ ባሕር የሚኖር ሴላካንት የተባለ አሣ አለ። ሳይንቲስቶች ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፍቷል ብለው ነበር፤ በ1938 ደቡብ አፍሪካ ላይ በሕይወት ተያዘ። የታንጋ አሣ አጥማጆች መረብ ውስጥ በተደጋጋሚ በመግባቱ ታንዛኒያ ለእሱ ሲባል የባሕር ፓርክ ከልላለች።

• ማፊያ ደሴት ላይ ከጥቅምት እስከ የካቲት ገደማ ዌል ሻርክ ይታያል፤ የዓለማችን ትልቁ አሣ ቢሆንም ምግቡ ደቃቅ የባሕር ነፍሳት ናቸው። አብሮት መዋኘት ይቻላል፤ መንካት ግን ክልክል ነው። የታንዛኒያ የመጀመሪያው የባሕር ፓርክ በ1995 የተቋቋመው እዚሁ ነው።

• ከማፊያ ጥቂት በጀልባ ተሂዶ ጁዋኒ ደሴት ላይ የኩዋ ፍርስራሽ አለ። ከተማዋን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያጠፏት ከማዳጋስካር በታንኳ የመጡ ወራሪዎች ናቸው።

• የዛንዚባር ቅርንፉድ በአብዛኛው የሚበቅለው ዛንዚባር ከተማ ባለችበት ደሴት አይደለም፤ በጎረቤቷ ፔምባ ነው። በመከር ጊዜ መንገድ ዳር ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ስለሚደርቅ መኪናው መስኮት ሳይከፈትም ይሸታል።

• በዛንዚባር ደቡብ ጫፍ ኪዚምካዚ ያለው መስጊድ ግድግዳ ላይ 500 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም 1107፣ የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ጎብኚው ሁሉ ዶልፊን ሊያይ በአጠገቡ ያልፋል።

አስጎብኚውና ደንቡ

• በኬንያ የአስጎብኚዎች ማኅበር ፈተና ሰጥቶ አባላቱን በሦስት ደረጃ ይመድባል፤ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ። ደረታቸው ላይ ያለውን ባጅ ማየት ነውር አይደለም።

• በዲያኒ ዳርቻ ያለው ካያ ኪኖንዶ የሚጂኬንዳ ሕዝብ ቅዱስ ጫካ ነው። እንዲህ ያሉት ጫካዎች በ2008 የዓለም ቅርስ ሆነዋል። ጎብኚው ከወገቡ በታች ጥቁር ጨርቅ አገልድሞ፣ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ይገባል። ከጫካው ቅጠል እንኳ ይዞ መውጣት አይፈቀድም።

• ሺሞኒ መንደር ባሪያ የተደረጉ ሰዎች መርከብ እስኪመጣ ይታሰሩበት የነበረ ዋሻ አለ። የሚያስጎበኙት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ገቢውም ለመንደሩ ነው። ማዶ ዋሲኒ ደሴት ላይ ደግሞ በኮራል ድንጋዮች መካከል የተዘረጋውን የእንጨት መተላለፊያ የሚያስተዳድሩት የመንደሩ ሴቶች ናቸው።

• ጋዚ በተባለው የኬንያ ባሕር ሰላጤ ነዋሪዎች ማንግሮቭ በመጠበቃቸው ብቻ ገንዘብ ያገኛሉ። ሥራው በ2013 ተጀመረ፤ ዛፎቹ ያመቁት ካርቦን ተለክቶ ይሸጣል፣ ገንዘቡም ለመጠጥ ውሃና ለትምህርት ቤት ይውላል።

• መሬት ላይ የወደቀች ስባሪ ሸክላ አንሥቶ ኪስ መክተት በሁለቱም አገሮች በሕግ ያስጠይቃል። አይተው ይመልሷት፤ ያችው ስባሪ ባለችበት ቦታ ናት ዘመን የምትናገረው።

• ዋጋ ከመነሣት በፊት ይነጋገሩ፤ ጀልባውን፣ መግቢያውንና ምሳውን ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ። የነፍስ አድን ጃኬት መኖሩን ሳያዩ አይሳፈሩ። ሰዓቱ የሶላት ከሆነ አስጎብኚው ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል፤ ቁጭ ብለው ይጠብቁት። መንደር ሲገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ሰው ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘው

• ኢብን ባቱታ ኪልዋ ከመድረሱ በፊት መርከቡ ዘይላ ቆማ ነበር። በዓሣውና በሚታረደው ግመል ደም ሽታ ተማርሮ ከተማዋ ውስጥ ማደሩን ትቶ መርከቡ ላይ አደረ። ዘይላ ያን ጊዜ ከደጋው የሚወርደው ንግድ ወደብ ነበረች።

• በ1498 ማሊንዲ ገብቶ ወደ ሕንድ የሚያደርሰው መሪ ያገኘው ቫስኮ ደ ጋማ ነው። ልጁ ክሪስቶቮ በ1541 ከምጽዋ ተነሥቶ ከ400 ወታደሮች ጋር አፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት መጣ። በቀጣዩ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦር ተይዞ ተገደለ። የአባትየው የድንጋይ መስቀል ማሊንዲ ባሕር ዳር አሁንም ይጎበኛል።

• ላሙ ላይ እየተሠራ ያለው አዲስ ወደብ ለኢትዮጵያም የታሰበ ነው። በ2012 የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል መለስ ዜናዊ፣ የኬንያው ሙዋይ ኪባኪና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር አብረው ተገኝተዋል። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በ2021 ሥራ ጀመረ። የአካባቢው አሣ አጥማጆችም ስለ ማጥመጃ ቦታቸው ፍርድ ቤት ሄደው ተከራክረዋል።

• ከአዲስ አበባ ሞምባሳ በቀጥታ በረራ ከ3 ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ጌዲ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም።

• የመጨረሻው፦ በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ በግሪክኛ የሚጽፍ ነጋዴ የባሕሩን ወደቦች በተራ መዘገበ። አዱሊስን ከአክሱም ጋር አያይዞ ጻፈ፤ ወደ ደቡብ ወርዶም ራፕታን የዳርቻው መጨረሻ የንግድ ከተማ አደረጋት። ሁለቱም የዝሆን ጥርስ ይልኩ ነበር። አዱሊስ ዛሬ በኤርትራ ምድር ትታወቃለች፣ ትቆፈራለችም። ራፕታ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ሩፊጂ ወንዝ ባሕር የሚገባበትን ረግረግ የሚጠቁሙ ምሁራን አሉ፤ ዳሬ ሰላም አካባቢ ናት የሚሉም አሉ። በዚያ በኩል የሚያልፉ ከሆነ ጀልባ የሚቀዝፈውን ሰው ይጠይቁት፤ ቢያንስ ውሃው የት ጥልቅ እንደሆነ ከምሁራኑ ይልቅ እሱ ያውቃል።